ስድስቱ ስፒከሮችና የኅዳር ሚካኤል ማኅበርተኞች

ቢቸና ከተማ ውስጥ አቶ ታዘበውን የማያውቅ ሰው ቢገኝ፣ ሬድዮው ተበላሽቶበት የማያውቅ ሰው መሆን አለበት። ታዘበው የተወለደው ከከተማው በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ከሚርቅ ገጠር ነው። አባቱ ለክህነት አስበውት ገና በልጅነቱ ቅኔ ቤት አስገቡት፤ እሱም ባለ ሁለት ቤቱን ቅኔ ጉባኤ ቃናን ዘልቆ ባለ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ በላይ ያልሄደው ሰንፎ አይደለም። አንድ ቀን የኔታ ዜና የሚሰሙባት ሬድዮ ዝም አለች። የኔታ ለቀብር ወጣ ባሉበት ሰዓት ታዘበው ሬድዮዋን ፈታትቶ ገጠማት። ሲመለሱ ሬድዮዋ ጥርት አድርጋ ትናገራለች፤ አንዲት ብሎን ግን ተርፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። የኔታ ብሎኗን በመዳፋቸው ይዘው፣ «ልጄ፣ ቅኔ ትርፍ አይወድም፤ አንተ ደግሞ ታስተርፋለህ። ሬድዮ ግን እንዳየሁት ቢተርፍባትም ትናገራለች። ወደ እሷ ሂድ» ብለው መርቀው አሰናበቱት።

እሱም ሄደ። ሬድዮ ሲጠግን ኖረ፤ ወይንእሸትን አገባ፤ ትህትና የምትባል ልጅ ወለደ። በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሦስት ዓመተ ምሕረት ደግሞ ከእህል ገበያው ጀርባ ቪዲዮ ቤት ከፈተ። ለዚህ ቤት ሲል ከአዲስ አበባ ያስመጣው ዕቃ የሕይወቱ ኩራት ሆነ፤ አንድ ከባድ ማጉያ፣ አምስት መካከለኛ ስፒከርና እንደ ሙክት በግ ወገቡ የሰፋ አንድ ትልቅ የጎርናና ድምፅ ሣጥን። ሁሉም በየራሱ ገመድ ከማጉያው ጀርባ ይነሣል፤ ሁሉም የየራሱን ድምፅ ይናገራል። አንዱ ንግግሩን፣ ሁለቱ የፊቱን ቀኝና ግራ፣ ሁለቱ የኋላውን፣ ትልቁ ሣጥን ደግሞ ነጎድጓዱን። ተመልካቹ መሀል ላይ በተደረደሩት አግዳሚዎች ስለሚቀመጥ ድምፁ ከየአቅጣጫው መጥቶ እሱ ላይ ይገናኛል። አንድ ጊዜ በፊልም ውስጥ ዝናብ ሲዘንብ፣ ጤፍ ሊሸጥ የመጣ ገበሬ ከአግዳሚው ተነሥቶ ጆንያውን ሊያለብስ ሮጦ ወጥቷል። ውጭው ፀሐይ ነበር። ታዘበው ይህን ታሪክ ላገኘው ሰው ሁሉ ያወራል።

ወይንእሸት ግን ከዚያ ቤት ገብታ አታውቅም። ቪዲዮ ቤት የወንዶችና የወስላቶች መዋያ ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ የከበረች ባለትዳር ደጁን አልፋ አትገባም። ለእሷ ያ ሁሉ ዕቃ በግድግዳ በኩል የሚሰማ ጉርምርምታ ብቻ ነበር።

ኋላ ዲሽ መጣ፤ ሰው ሁሉ በየቤቱ ተከተተ፤ ቪዲዮ ቤቱ ተዘጋ። ማጉያውና ስድስቱ ስፒከሮች ወደ መኖሪያ ቤት ተዛውረው በጥልፍ ጨርቅ ተሸፈኑ። ከዚያም ለማጉያው ድምፅ የሚያቀብለው አሮጌ ማጫወቻ ሞተ፤ እነሱም ድዳ ሆነው ቀሩ። ወይንእሸት ቤት በጠረገች ቁጥር፣ «ቤታችን አራት ማዕዘን ነው፤ ያንተ ሣጥን ግን ስድስት ነው። ሁለቱን የት ላድርጋቸው፣ በራሴ ልሸከማቸው?» ትለው ነበር።

በሁለት ሺህ ሰባት ጥቅምት ላይ፣ ባሕር ዳር በነርስነት የምትሠራው ትህትና አንድ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ላከች። ታዘበው የማጉያው ቀን ወጣለት ብሎ ቀይና ነጭ ጫፍ ያላቸውን ገመዶቹን አቧራቸውን ጠርጎ ወደ ቴሌቪዥኑ ጀርባ ዞረ። ቀይም ነጭም ቀዳዳ የለም። ከሁሉም ዝቅ ብላ አንዲት ትንሽ ባለ መዝጊያ ቀዳዳ አለች፤ መዝጊያዋን በጥፍሩ ገፋ ሲያደርጋት ከውስጥ ቀይ ብርሃን ወጣ። ታዘበው ጆሮውን አስጠጋ። ምንም አይሰማም።

«አንተ ሰው፣ ከቴሌቪዥን ቂጥ ሥር ምን ትሠራለህ?» አለችው ወይንእሸት።

«ድምፁን ወደ ብርሃን ለውጠውታል» አለ ታዘበው ቀና ሳይል። «የእኔ ማጉያ ደግሞ ብርሃን አይሰማም።»

«እሰይ። እንግዲያው ነገሩ አለቀለት።»

የነገሩ ማለቂያ ቀን አስቀድሞ ተቆርጦ ነበር። በኅዳር ሚካኤል፣ በአገሩ ልማድ፣ በቤት ውስጥ የማይረባ ነገር ሁሉ ተጠርጎ ወጥቶ ይቃጠላል፤ ከተማውም በጢስ ይታጠናል። በዚሁ ዕለት ደግሞ የሚካኤል ማኅበር ተራ የደረሰው እነታዘበው ቤት ነው። ወይንእሸት ቁርጡን ነገረችው፤ ዕቃው በዕለቱ ተናግሮ ማኅበርተኛውን ደስ ካሰኘ ይቀመጣል፤ ካልተናገረ ግን ከቤት ይወጣል። እሳት ውስጥ እንዳይገባ ያለው የሚባለው ወንድሟ ይወስደዋል።

ያለው የየጁቤ ንብ አናቢ ነው። ኅዳር ሲገባ ገመድ በትከሻው አድርጎ መጥቶ ስፒከሮቹን አንድ በአንድ ማንኳኳት ጀመረ።

«ደረቅ እንጨት ነው» አለ ትልቁን ሣጥን እያሻሸ። «ቀዳዳውም በልኩ ነው። ንቧ በዚህ ትገባለች፤ በኋላ በኩል ማሩን እቆርጣለሁ።»

«እሱ የአየር መውጫ ነው» አለ ታዘበው።

«ንብም አየር ትወዳለች፣ አማቼ።»

ታዘበው ሌሊቱን ሙሉ ስድስቱ ስፒከሮች ከየጁቤ ገደል አፋፍ ላይ ተሰቅለው፣ ማር ሲያንጠባጥቡ በሕልሙ አየ። በማግሥቱ በጠዋት ሞጣ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈረ። ማጉያውን ጭኖ መሄድ ስላልቻለ ጀርባውን በወረቀት ላይ ሥሎ ነበር፤ ስድስት ክብ፣ በየክቡ ሥር የድምፁ ስም። ወረቀቱን እስከ ሞጣ ድረስ በብብቱ ይዞ ሄደ፤ አጠገቡ የተቀመጡት ሴትዮ የዶክተር ማስረጃ መስሏቸው «ምሕረቱን ይላክልህ» አሉት። እሱም አሜን አለ።

ሞጣ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ያላት ዓሊማ ናት። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ነገር ግን ከአባቷ የወረሰችውን ሱቅ እንደ መዳፏ ታውቀዋለች። ታዘበው ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ ጉዳዩን ከቅኔ ቤት ጀምሮ ሊያስረዳት ተነሣ።

«ይቆዩ፣ ጋሼ» አለችው በመካከል። «የቴሌቪዥንዎ መውጫ ዲጂታል ነው፤ ያንተኛው፣ ይቅርታ፣ የእርስዎ ማጉያ ደግሞ የድሮ አናሎግ ነው። ይኸው አይደል ነገሩ?»

«ይኸው ነው። ግን አጭር አደረግሽው።»

«በመካከላቸው አስተርጓሚ ይፈልጋሉ» አለችና የክብሪት ቀፎ የምታክል ጥቁር ሣጥን አወጣችለት። «ብርሃኑ በዚህ ይገባል፤ ድምፁ በቀይና በነጭ በዚህ ይወጣል።»

ታዘበው አገላብጦ አያት። «ሁለት አፍ ብቻ ነው ያላት፣ ልጄ። እኔ ስድስት ቤተ ሰብ አለኝ።»

«ሁለቱ አይበቁም? ሞጣ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በሁለት ይሰማል።»

«አራቱን ምን ልበላቸው?»

ዓሊማ ዞር ብላ የደረሰኝ ወረቀቶች እንዳይበሩ ከላያቸው የተጫነውን ግራጫ ነገር አነሣች፤ ወረቀቶቹ ተበተኑ። «ይኼ ከሌላ ዕቃ ጋር ተሳስቶ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የሚጠይቀኝ ሰው አጥቼ ወረቀት መጫኛ አደረግሁት። ይቁጠሩለት።»

ታዘበው ጀርባውን ቆጠረ። ስድስት ቀዳዳ። እንደገና ቆጠረ። ዓሊማ ብርሃን የሚያልፍበትን ቀጭን ገመድ ጨምራ በፌስታል ስታደርግለት ሁለት ነገር አስጠነቀቀችው። «አንደኛ፣ የገመዱ ጫፍ ላይ ትንሽ የላስቲክ ቆብ አለች፤ ሳያወልቁ እንዳይሰኩት። ሁለተኛ፣ ከተሰካ በኋላ ሁለቱ ብቻ ከተናገሩ ዕቃው ተበላሸ ብለው እንዳያለቅሱ። ይደውሉልኝ።»

አላለቀሰም፤ ቤቱ ገብቶ ሰክቶ ሁለቱ ብቻ ሲናገሩ ግን ወዲያው ደወለላት። ዓሊማ በስልክ የቴሌቪዥኑን ማስተካከያ አስከፈተችው፤ «ሳውንድ የሚለው ውስጥ ይግቡ፤ ዲጂታል አውትፑት የሚል አለ፤ አሁን ፒሲኤም ላይ ነው ያለው፤ እሱ ሁለት ድምፅ ብቻ ያሳልፋል፤ ኦቶ ያድርጉት» አለችው። ታዘበው በሪሞቱ አንድ በአንድ ወረደ። ኦቶ ላይ ሲደርስ ከሶፋው ኋላ ለዓመታት ድዳ የነበረው ስፒከር በድንገት አጨበጨበ።

ያጨበጨበው ትህትና በፍላሽ የላከችው ቀረጻ ነው። የእሷ ሰንበት ትምህርት ቤት የሚካኤልን ማኅሌት ሲቀዳ ማይክሮፎን በስድስት ቦታ አቁሞ ነበር። የመሪው ድምፅ ለብቻ፣ የቀኝ መዘምራን ለብቻ፣ የግራው ለብቻ፣ የሕዝቡ እልልታና ጭብጨባ በሁለት ወገን፣ ከበሮው ደግሞ ለትልቁ ሣጥን። ታዘበው መሀል ቆሞ ሊሰማው ፈለገ፤ መሀሉ ግን በጠላ ጋንና በዳቦ ሙዳይ ተይዟል። ስለዚህ እንደ ሐኪም ከስፒከር ወደ ስፒከር እየዞረ ጆሮውን ለየአንዳንዱ ሰጠ። ስድስቱም ይናገራሉ።

እዚህ ላይ ቢተወው መልካም ነበር። ነገር ግን ታዘበው አሳቢ ሰው ነው፤ አሳብ መጣበት። ቪዲዮ ቤት ውስጥ ሰው ሁሉ አንድ ነበር፤ መሀል ላይ ተደርድሮ ይሰማል። ማኅበርተኛ ግን መሀል አይቀመጥም። ማኅበርተኛ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ዙሪያውን፣ በየማዕረጉ ነው የሚቀመጠው፤ መሀሉ የአሳላፊ መመላለሻ ነው። ለሌላው ሰው ጀርባውን ሰጥቶ መሀል የሚቀመጥ ቢኖር ባለጌ ይባላል። እንግዲህ ስፒከሮቹን መመሪያው እንደሚለው ቢያቆማቸው፣ የመሪው ድምፅ ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ ማለትም ከበሩ አጠገብ፣ ዝቅተኛው እንግዳ ጆሮ ላይ ሊወድቅ ነው። የነፍስ አባቱ አባ ወልደ ኪዳን ደግሞ ከላይ፣ በክብር ቦታቸው፣ ጭብጨባ ብቻ ሊሰሙ ነው። ይህ እንዴት ይሆናል?

ስለዚህ ታዘበው ገመዶቹን ሁሉ ነቅሎ ድምፁን በማዕረግ አደላደለ። መሪው ለአባ ወልደ ኪዳን። የቀኙ መዘምራን ማኅበሩን በሙሴነት ለሚመራው ለአቶ አስናቀው። የግራው ከሴቶቹ ሁሉ ታላቅ ለሆኑት ለወይዘሮ ይርጋነሽ። ጭብጨባና እልልታው አንዱ ወገን ከማኅበርተኞቹ ለአንዱ ለፋንታ፣ ሌላው ለተቀሩት ማኅበርተኞች። ከበሮው ደግሞ፣ እንግዳም ቢሆን አማች ነውና፣ በሩ አጠገብ በሚቀመጠው በንብ አናቢው በያለው አግዳሚ ሥር ገባ። ሥራውን ሲጨርስ ያላስቀየመው ሰው እንደሌለ እርግጠኛ ሆኖ ላቡን ጠረገ።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ጋኑና ሙዳዩ ከመሀል ተነሥተው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ማኅበርተኛው ገባ፤ ውጭ የቆሻሻው ጢስ ይነሣል። ያለው ገመዱን አልተወም፤ ጉልበቱ ላይ ጠቅልሎ ተቀምጧል። ጸሎቱ ደረሰ፤ ጽዋው ዞረ፤ ዳቦው ተቆረሰ። ታዘበው ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠረገና ሪሞቱን ተጫነ።

ድምፁ ተነሣ። ከዚያ አባ ወልደ ኪዳን አንገታቸውን ወደ ኋላ ዘወር አደረጉ።

«መሪው መልካም ድምፅ አለው» አሉ። «ነገር ግን ብቻውን ቆሟል። ተቀባይ የለውም?»

«ተቀባዮቹ እኔ ዘንድ ናቸው፣ አባታችን» አለ አስናቀው። «መሪ ነው የሌላቸው። ያለ መሪ ዘው ብለው ይነሣሉ።»

«ያንተዎቹስ ይነሣሉ» አሉ ወይዘሮ ይርጋነሽ። «የእኔዎቹ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። እህ እንኳ አይሉም።»

«ተራቸው እስኪደርስ ነው፣ እማማ» አለ ታዘበው።

«መቼ ነው የሚደርሰው? እኔ እንደሆነ አርጅቻለሁ።»

ፋንታ ነጠላውን እያስተካከለ ወደ ግድግዳው ተመለከተ። «ለእኔ ያጨበጭቡልኛል» አለ በጥርጣሬ። «ምን አድርጌ ነው?»

በዚህ ጊዜ ከበሮው ገባ። ያለው ከነአግዳሚው አንድ ጊዜ ነጠረና እንደገና ተቀመጠ። ጎንበስ ብሎ ሣጥኑን አየው። «መንጋ ገብቶበታል» አለ። «እኔ ሳልደርስ የማን ንብ ነው የገባበት?»

ክርክሩ ከዚህ በኋላ ልኩን አለፈ። አስናቀው ማኅሌቱ ወረብ ላይ ደርሷል አለ፤ አባ ወልደ ኪዳን ገና ነው አሉ፤ ወይዘሮ ይርጋነሽ የነቁት መዘምራኖቻቸው በድንገት ሲጮኹባቸው የያዙትን ዳቦ ጣሉ። ፋንታ ለጭብጨባው እጅ መንሣት ይገባው አይገባው እንደሆነ አጠገቡ ያለውን ሰው ይጠይቃል። ማኅበሩ ከተመሠረተ ጀምሮ እንዲህ ያለ ሁከት ታይቶ አይታወቅም።

አባ ወልደ ኪዳን በመጨረሻ ጭራቸውን አነሡ። «ታዘበው፣ ልጄ» አሉ በርኅራኄ። «ማኅሌቱን እንደ ድፎ ዳቦ ቆርሰህ አደልከን። ዳቦ ሲቆረስ ዳቦ ነው፤ ማኅሌት ግን ሲቆረስ እንዲህ ይሆናል።»

እርግጥ ነው፤ እሳቸው ከተናገሩ በኋላ ለታዘበውም ታየው። ለእያንዳንዱ ሰው ክብሩን ሰጥቶ ማኅሌቱን ከሁሉም ነስቷል። ሪሞቱን በሁለት እጁ ይዞ እንደ ተማሪ ቆመ። ያለው ይህን አይቶ ገመዱን ከጉልበቱ ላይ መፍታት ጀመረ፤ ከትንሹ ስፒከር ልጀምር ወይስ ከትልቁ እያለ በዐይኑ ይለካል።

ወይንእሸት ከጓዳ ጠላ በማንቆርቆሪያ ይዛ የወጣችው በዚህ ጊዜ ነው። ለአባ ወልደ ኪዳን ልትቀዳ በተጎዘጎዘው ሳር ላይ አቋርጣ መሀል ስትደርስ ቆመች። መሪው ከፊቷ አነሣ። ቀኙ ከጎኗ ተቀበለ። ግራው ከወዲያ መለሰ። ከበሮው ከእግሯ ሥር ተነሣ፤ እልልታው ከኋላዋ መጥቶ ከላይዋ አለፈ። ወይንእሸት ቀስ ብላ ወደ አንድ ወገን ዞረች፤ ከዚያም ወደ ሌላው። ማንቆርቆሪያው ዘንበል ብሎ ጠላው በሳሩ ላይ ይፈስሳል።

«ወይንዬ፣ ጠላው» አለ አስናቀው።

«ዝም በሉ እስኪ» አለች። «መጡ።»

«እነማን?»

«ሁሉም።»

ወይንእሸት ማንቆርቆሪያውን እንዳዘነበለች ዐይኗን ጨፍና ቆማለች፤ እያዩዋት ያሉት ወይዘሮ ይርጋነሽ ናቸው፣ ምን እንደምትሰማ ከፊቷ ለማንበብ። ጠላው ሲያልቅ ወይንእሸት ዐይኗን ገለጠች፤ ልትሞላ ወደ ጓዳ ሄደችና ሞልታ ተመልሳ እዚያው መሀል ቆመች። ለማንም አልቀዳችም።

አባ ወልደ ኪዳን አሰቡ። ክብራቸው መሀል እንዲቆሙ አይፈቅድላቸውም፤ ይሁን እንጂ ሊቅ ናቸውና መንገድ አገኙ። «ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር አጥቧል» አሉ ከመቀመጫቸው እየተነሡ። «ዛሬ እኔ ላሳልፍ። አምጪው፣ ልጄ።»

ማን እምቢ ይላል? ማንቆርቆሪያውን ተቀብለው መሀል ቆሙ። ብርጭቆ የዘረጋ ቢኖርም አላዩትም። ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ከመሪው ጋር አንድ ሙሉ ዜማ ዘለቁ። ቀጥሎ አስናቀው ትሕትና የሙሴ ሥራ ነው ብሎ ማንቆርቆሪያውን ተቀበለ። ከእሱ ደግሞ ወይዘሮ ይርጋነሽ፣ ጉልበታቸውን ቢያማቸውም፣ «ሳልሞት ላሳልፍ» ብለው ነጠቁት። አሳላፊ ሲጠፋ እንጂ ሲሻሙበት አይተው የማያውቁት ማኅበርተኞች በተራ ተሰለፉ። ፋንታ ብቻ ባዶ ብርጭቆውን ዘርግቶ፣ «ሁሉም አሳላፊ ሆነ፤ የሚቀዳልኝ ግን ጠፋ» እያለ ያለቅሳል።

ከሁሉም በኋላ ማንቆርቆሪያው ንብ አናቢው ያለው ዘንድ ደረሰ። ገመዱን አግዳሚው ላይ አኑሮ መሀል ገባ፤ ቆመ፤ ሰማ። ወደ ቦታው ተመለሰ። እህቱን ቀስ ብሎ፣ «ታዲያ ሣጥኖቹስ?» አላት።

«ገመድህን ጠቅልል» አለችው ወይንእሸት። «ከፈለግህ ንቦችህን ይዘሃቸው ና፤ ይስሙ።»

ማታ እንግዳው ተሸኝቶ ካለቀ በኋላ ታዘበው ገመዶቹን ሊነቅል ተንበረከከ። የመሪውን ድምፅ መመሪያው ወደሚያዘው ቦታ፣ ወደ ቴሌቪዥኑ ሥር፣ ሊመልሰው ነው።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለች ወይንእሸት።

«ላስተካክለው። አሁን የተገጠመው ተሳስቶ ነው።»

«እንዳትነካው።»

«መጽሐፉ እንደዚህ አይልም።»

«መጽሐፉ እኔ ቤት ገብቶ አያውቅም» አለችና ከጓዳ አንድ በርጩማ ይዛ መጣች። ሳሩን በእግሯ ገፋ አድርጋ በርጩማውን በቤቱ መሀል ላይ አኖረችው፤ ተቀመጠች፤ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

«መሀል ላይ ሰው አይቀመጥም» አላት ታዘበው።

«ክፈተው» አለች።

ከፈተው። ጥቂት ከቆመ በኋላ ሌላ በርጩማ ፍለጋ ወደ ጓዳ ሄደ።